ቱቦ የሌለው ብክለት፦ የአካባቢ ሕጋችን ዝናቡን ለምን ረሳው?

ክረምት ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ተጉዛችሁ ከሆነ፣ አሰንዳቦ አካባቢ ስትደርሱ የግልገል ጊቤን መልክ ታስታውሱ ይሆናል። በጥር ወር ድንጋዮቹ መሃል እየተጥመለመለ የሚያልፈው ወንዝ፣ በሐምሌ የተበጠበጠ ሸክላ ይመስላል። ሰው «ደፈረሰ» ብሎ ያልፈዋል። ክረምት ነዋ! ደግሞስ «ሳይደፈርስ አይጠራም» ይባል የለ?

እስቲ ይህን ተረት በቁም ነገር እንያዘው። የደፈረሰ ውሃ ለመጥራት ስንት ጊዜ ይፈልጋል?

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ። አንድ እፍኝ ቀይ አፈር ጨምሩበት፣ ሦስት አራተኛውን ውሃ ሙሉት፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ በደንብ ናጡት። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ጠብቁ። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል። ደቃቁ አፈር ሰዓታት ይፈጅበታል። ሸክላው ግን በማግስቱም ውሃውን እንዳቀላው ታገኙታላችሁ።

ምክንያቱ ስቶክስ በሚባለው ሳይንቲስት ስም በሚጠራው ቀመር ይሰላል። በረጋ ውሃ ውስጥ አንዲት ደቃቅ ቅንጣት የምትወርድበት ፍጥነት የሚወሰነው በዲያሜትሯ ስኩዌር ነው። ዲያሜትሯ 10 ጊዜ ካነሰ፣ ፍጥነቷ 100 ጊዜ ይቀንሳል። ስለዚህ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነች የአሸዋ ቅንጣት አንድ ሜትር ለመውረድ 2 ደቂቃ ገደማ ሲበቃት፣ 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነችው 3 ሰዓት ያህል፣ 0.001 ሚሊ ሜትር የሆነችው የሸክላ ቅንጣት ደግሞ 13 ቀን ገደማ ያስፈልጋታል። ያውም ውሃው ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ። ወንዝ ደግሞ 13 ቀን ቆሞ አይጠብቅም።

ይህን ልብ በሉት፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክር በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ሸክላ አንዴ ውሃ ውስጥ ከገባ መልሶ ማውጣት በጣም ከባድ ነው። የሚያዋጣው ከመሬቱ እንዳይነሳ ማድረግ ነው። እንግዲህ ሕግ የሚያወጣ ሰው ይህን ካወቀ፣ ጥያቄውን መጠየቅ ያለበት ወንዙ ዳር ሳይሆን ዶዘሩ የመጀመሪያውን አፈር ከማንሳቱ በፊት ነው። የእኛ ሕግ ግን የሚጠይቀው ወንዙ ዳር ነው።

አንድ ሄክታር ራቁት መሬት

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ ማለት 10,000 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው፤ አንድ ትልቅ ሮቶ ሙሉ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ በአንዷ ሄክታር ላይ 30 ሮቶ ውሃ ፈሰሰባት።

ያቺ ሄክታር ጫካ ወይም ጥላ ያለው የቡና ማሳ ከሆነች፣ ቅጠሉና በመሬቱ ላይ የተነጠፈው ርጋፊ የጠብታውን ጉልበት ይሰብሩታል። አፈሩም እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል። መሬቷ ለመጋዘን ወይም ለመንገድ ተብላ ከተላጠች ግን እያንዳንዱ ጠብታ እንደ ትንሽ መዶሻ አፈሩን ይመታል። የተፈለፈለው ደቃቅ አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ውሃውም መስረጉን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል። እንበልና ከወረደው ውሃ ግማሹ ሸሸ፤ እያንዳንዱ ሊትርም 5 ግራም አፈር ይዞ ሄደ። ይህ በአንድ ዝናብ 750 ኪሎ፣ ማለትም ሰባት ኩንታል ተኩል አፈር ነው። ከአንዲት ሄክታር።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለዓመታት ሲጠቅሰው የኖረ ንጽጽር አለ፦ ከግንባታ ቦታ የሚታጠበው ደለል፣ በስፋት ሲነጻጸር፣ ከእርሻ መሬት ከሚታጠበው ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ ከጫካ ከሚታጠበው ደግሞ ከ1,000 እስከ 2,000 እጥፍ ይበልጣል። ቁጥሩ የእነሱ አገር ነው፤ የእኛ ቁልቁለትና የእኛ ክረምት ሌላ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ነገሩ ወዴት እንደሚያደላ ግን ግልጽ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የምተቸው ሦስት ሰነዶችን ነው፦ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ እና የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159/2001። መጥፎ ሰነዶች ናቸው እያልኩ አይደለም። በተለይ አዋጅ 300 በጊዜው ደፋር ሕግ ነበር። «በካይ» የሚለውን ቃል በጣም ሰፋ አድርጎ ስለሚተረጉመው፣ ወንዝ ውስጥ የገባ አፈርም ሊካተትበት ይችላል። በደንቡም ቢሆን አንድ ፋብሪካ ብክለትን መከላከል፣ ካልቻለም ከተቀመጠው ደረጃ በታች ማድረግ አለበት።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ሕጎቹን ስታነቧቸው በጸሐፊው አእምሮ ውስጥ የነበረውን ሥዕል መገመት ትችላላችሁ። አጥር ያለው ፋብሪካ አለ። ከፋብሪካው ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ወንዝ ውስጥ ይገባል። ተቆጣጣሪው ቱቦው ጫፍ ላይ ቆሞ በጠርሙስ ናሙና ይወስዳል፣ ላቦራቶሪ ይልከዋል፣ ውጤቱን ከደረጃው ጋር ያስተያያል። ለቆዳ ፋብሪካ ወይም ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይህ ሥዕል ይሠራል።

ዝናብ ግን ቱቦ የለውም። የመንገድ ግንባታ ያስተዋለ ያውቀዋል፦ ተራራው ይቆረጣል፣ የተረፈው አፈር ወደ ገደሉ ይገፋል፣ ገረጋንቲ የወጣበት ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ከዚያ ሰኔ ይመጣል። ጎርፉ በመቶ ቦታ ይወርዳል፤ የትኛው ጫፍ ላይ ነው ናሙና የሚወሰደው? የማንስ ነው? ኮንትራክተሩ «ዝናብ ነው፣ የእግዜር ሥራ» ይላል። ወንዙ ዳር ያለው ናሙና ደግሞ የሁሉም ድምር ስለሆነ ማንንም አይከስስም።

«የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ለትልልቅ ፕሮጀክቶች ጠቃሚ መሣሪያም ነው። ነገር ግን ማን ይገምገም የሚለው የሚወሰነው በዋናነት በፕሮጀክቱ ዓይነት ነው። ግድብ ከሆነ እንዲህ፣ ፋብሪካ ከሆነ እንዲያ እየተባለ በዝርዝር ይመደባል። ዝናቡ ግን ዓይነቱን አይጠይቅም። የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ሄክታር መሬት፣ ለስንት ቀን፣ በየትኛው ወር ራቁቱን ቆየ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚጠይቅ፣ ለግንባታ ቦታ የዝናብ ጎርፍ ብቻ የተለየ ፈቃድ የለንም።

ክምሩ ሲታጠብ

ጉዳዩ የግንባታ ብቻ አይደለም። በጅማ ዙሪያ ያሉትን የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች አስቡ። ቀይ ቡናው ሲፈለፈል ልጣጩ ይከመራል፣ የታጠበበት ውሃ ይለቀቃል። ውሃው ስኳርና ሌላ የሚበሰብስ ነገር የሞላበት ስለሆነ፣ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያዎች ይበሉታል፤ ሲበሉትም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣውና ነፍሳቱ የሚታፈኑት በዚህ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ጉዳት ደጋግመው ለክተው አሳትመዋል።

የቁጥጥሩ ትኩረት በመፈልፈያው ወቅት ቱቦው ላይ ነው፤ መሆንም አለበት። አሁን ግን የሐምሌን ወር አስቡ። ጣቢያው ተዘግቷል። ዘበኛው ብቻ ነው ያለው። ቱቦው ደርቋል፤ በቱቦ ዓይን ካየነው ብክለት የለም። ካምናው ተርፎ ያልተነሳ የልጣጭ ክምር ካለ ግን ዝናቡ በየቀኑ እያጠበው ነው፤ ያልተጠረገው የፍሳሽ ጉድጓድም ሞልቶ ይፈስሳል። ፋብሪካው ቢዘጋም ክምሩ አይዘጋም።

ትልልቆቹን የኢንዱስትሪ ፓርኮች ስናነሳም ያው ነው። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ ሌሎቹ በተነሱ ቁጥር ወሬው ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው የሚያጣራው ከምርት የሚወጣውን ውሃ ነው። ከጣሪያው፣ ከመኪና ማቆሚያውና ከግቢው ላይ ዘይትና አቧራ ጠራርጎ የሚሄደው የዝናብ ውሃስ? እሱ የራሱ ጥያቄ ይፈልጋል።

ሌላው አገር እንዴት አደረገው?

አሜሪካኖችም መጀመሪያ የሳሉት የቱቦውን ሥዕል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የንጹሕ ውሃ ሕጋቸው ዓይኑን የተከለው በፋብሪካና በከተማ ፍሳሽ ቱቦዎች ላይ ነው። ለዝናብ ጎርፍ የተለየ የፈቃድ ሥርዓት በሕጉ ውስጥ የተጨመረው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1987 ነው። በ1990 የወጣው ደንብ 2 ሄክታር ገደማና ከዚያ በላይ የሚቆፍር ግንባታ ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደደ፤ በ1999 የወጣው ደግሞ ወለሉን ወደ 0.4 ሄክታር አወረደው። ልብ በሉ፣ መስፈርቱ የተቆፈረው መሬት ስፋት ነው። ትምህርት ቤት ይሁን መጋዘን ለውጥ የለውም።

ፈቃዱን የሚሰጡት በአብዛኛው ክፍለ ግዛቶቹ ናቸው። ከእነሱ መካከል የዋሽንግተን ክፍለ ግዛትን ፈቃድ ላሳያችሁ፤ የዝናብ ወቅትን ስለሚያውቅ ለእኛ ይቀርበናል። በምዕራቡ ክፍላቸው ዝናቡ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነው። በእነዚያ ወራት ሥራ የቆመበት መሬት ከ2 ቀን በላይ ራቁቱን መቆየት አይችልም፤ በገለባ፣ በምንጣፍ ወይም በሌላ ነገር መሸፈን አለበት። በበጋው 7 ቀን ይፈቀዳል። የሰለጠነ ሰው በየሳምንቱ ቦታውን እየዞረ ያያል፣ ያየውንም ይመዘግባል። ከቦታው የሚወጣው ውሃ ድፍርስነቱ ይለካል፤ 25 በሚባለው መለኪያ ላይ ሲደርስ «ሥራህን አስተካክል» ይባላል፣ 250 ሲደርስ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ መደወል ግዴታ ነው።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ላጫውታችሁ። አነስተኛ የግንባታ ቦታዎች ይህን በውድ መሣሪያ መለካት አይጠበቅባቸውም። ከታች ምልክት ያለበት ግልጽ ቱቦ ይበቃቸዋል። ውሃውን ሞልተው ከላይ ወደ ታች ያያሉ፤ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ ውሃውን ይቀንሳሉ። ምልክቱ የታየው 33 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ 25 ገደማ ነው፤ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲቀር ከሆነ 250 ገደማ። መብራት አይፈልግም፣ ላቦራቶሪ አይፈልግም። የሃይላንድ ጠርሙሳችሁ የቅርብ ዘመድ ነው።

ለኢንዱስትሪም ብልህ አንቀጽ አላቸው፦ ዝናብ ሊነካው የሚችል ጥሬ ዕቃ፣ ተረፈ ምርትና ማሽን በሙሉ ከጣሪያ ሥር ከሆነ፣ ድርጅቱ ይህን አረጋግጦ ከፈቃዱ ነጻ ሊሆን ይችላል። ለቡናው ክምር ሲተረጎም፦ ቆርቆሮ ምታበትና ከጭቅጭቁ ተገላገል።

ግን ይህ ሥርዓት ገነት እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው ቁጥጥር ኮንትራክተሩ ራሱን የሚቆጣጠርበት ነው፤ በወረቀት ያማረ ዕቅድ መሬት ላይ የተቀደደ መጋረጃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በሳን ፍራንሲስኮ ጉዳይ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በፈቃድ ውስጥ «የተቀባዩ ውሃ ጥራት እንዳይበላሽ» ብሎ ውጤቱን ብቻ ማዘዝ እንደማይችልና የሚደረገውን ነገር ለይቶ መናገር እንዳለበት ወስኗል። በውሳኔው መስማማት አለመስማማት ሌላ ጉዳይ ነው። ለእኛ የሚያነሳው ጥያቄ ግን ይጠቅመናል፦ «ወንዙን አትበክል» ማለት ብቻውን ለዶዘር ሾፌሩ ምን ይነግረዋል? «ከግንቦት 30 በፊት ይህን ቁልቁለት ሸፍን» ማለት ግን ይገባዋል።

«ዋናው ደለል ከእርሻ ነው» ለሚሉ

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፤ እውነትም አለበት። አሰንዳቦ አጠገብ ካለው የወንዝ መለኪያ ጣቢያ በላይ ያለው ተፋሰስ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በውስጡም የታረሰና የተጋጠ መሬት ሞልቷል። የግንባታ ቦታ ከዚህ ሁሉ ጥቂቱ ነው። ታዲያ ለምን እሱን እንይዛለን?

አንደኛ፣ ከእርሻው በተለየ ባለቤት፣ በጀት፣ መሐንዲስና ውል ስላለው። በአንድ ማሳ ለሚኖር ገበሬ «ፈቃድ አውጣ» ማለት ግፍ ነው። በሚሊዮኖች ብር ውል ለፈረመ ድርጅት ግን የመከላከያውን ወጪ በሥራ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር አድርጎ ማስገባት ምንም አይደለም። ገበሬውን ለእርከን ሥራ በየዓመቱ የምናሰልፍ ሰዎች፣ ዶዘር ያለውን አለመጠየቃችን ፍትሐዊ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለማንለካ። እ.ኤ.አ. በ2008 የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት የታወቀ ጥናት የግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ግድብ ሐይቅ በ12 ዓመት ውስጥ ግማሹ፣ በ24 ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ በደለል እንደሚሞላ ገምቶ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነበር። ቁጥሩን ግን እኔና እናንተ መፈተሽ እንችላለን። ሐይቁ ከ800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይይዛል። ለ24 ሲካፈል በዓመት 33 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደለል ይመጣል። ይህን ከግድቡ በላይ ባለው 4,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስናሰራጨው፣ ጫካውንም ሜዳውንም ጨምሮ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር በየዓመቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ አፈር ያጣል ማለት ነው። ለእኔ በጣም የበዛ ይመስለኛል፤ የተባለው 12 ዓመትም አልፏል። ከጥቂት ናሙናዎች ተነስቶ የዓመትን ደለል ማስላት ሁሌም እንዲህ ያለ አደጋ አለው፤ ወንዝ አብዛኛውን ሸክሙን የሚያመጣው በጥቂት የጎርፍ ቀናት ነውና።

ተመራማሪዎቹን ለማሳጣት አይደለም ይህን ያነሳሁት። ባይለኩና ባያሳትሙ ኖሮ የምንከራከርበት ቁጥር እንኳ አይኖረንም ነበር። የፈቃድ ሥርዓት ትልቁ ስጦታ ይህ ነው፦ ቅጣቱ ቀርቶ መዝገቡ። እያንዳንዱ የግንባታ ቦታ በየሳምንቱ አንድ ቁጥር ቢጽፍ፣ ከአምስት ክረምት በኋላ ማን ምን ያህል እንደሚጨምር በግምት አንከራከርም ነበር።

ኪሳራው የማን ነው?

በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። እዚያ ተርባይን ያዞረው ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አልፎ 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ጊቤ ሁለትን ያዞራል። ከዚያ ወደ ኦሞ ገብቶ 1,870 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው ጊቤ ሦስት ይወርዳል። አሰንዳቦ ላይ ያያችሁት ያው ውሃ ነው ሦስቴ የሚሠራው። የመጀመሪያው ሐይቅ ደለል በያዘ ቁጥር ለበጋ የሚቀመጠው ውሃ ይቀንሳል፤ ጉዳቱ ለሁለተኛውም ይተርፋል። ለዚህ ሐይቅ ሲባል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መሬታቸውን ለቀዋል። መሬታቸውን የሰጡት ለውሃ እንጂ ለጭቃ ማጠራቀሚያ አልነበረም።

ምን ይደረግ? የዋሽንግተንን ፈቃድ ገልብጦ ማውጣት አይጠቅመንም፤ ተቆጣጣሪ ሳይኖር ወረቀት ማብዛት ነው። ከእነሱ ይልቅ እኛን የሚመቸን አንድ ነገር አለ፦ ክረምታችን መቼ ዋናውን ጉልበቱን እንደሚያመጣ እናውቃለን። በደንብ 159 ሥር ወይም በክልል መመሪያ ሦስት ግዴታዎች ቢጨመሩ ብዙ ይለወጣል። ከግማሽ ሄክታር በላይ የሚልጥ ሁሉ ከሰኔ በፊት ምን እንደሚሸፍን ያሳውቅ። በክረምት ሥራ የቆመበት መሬት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሸፈን። ከቦታው የሚወጣው ውሃ በግልጽ ቱቦ እየተለካ ለሕዝብ በሚታይ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

መሸፈኛውም ከሩቅ አይመጣም። የቬቲቨር ሳር ወደ አገራችን የገባው በጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ነው፤ የቡና ማሳን አፈር ለመያዝ። ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚጠልቅ ቁልቁለትን እንደ ስፌት ይይዛል። በትግራይ ደግሞ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተሳተፉበት ሥራ የመንገድ ጎርፍ ወደ ኩሬና ወደ እርሻ እንዲገባ ተደርጓል። እውቀቱ እዚሁ አለ፤ የጎደለው ግዴታው ነው።

እናንተስ? አዋጅ 300 አንቀጽ 11 ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው መብት አለ። ማንኛውም ሰው፣ በግሉ ተጎዳሁ ማለት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን የጎዳ ወይም ሊጎዳ የሚችል ሰው ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ሕጉ ዝናቡን ቢረሳም እናንተን አልረሳም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ክረምት በሰፈራችሁ የተላጠ መሬት ካለ ሁለት ሃይላንድ ያዙ። ጎርፉ ሲጋልብ ወደ ወንዙ አትጠጉ፤ ዝናቡ አባርቶ ውሃው ከቀነሰ በኋላ ግን ከግንባታው በላይ አንዱን፣ ከግንባታው በታች ሌላውን ሙሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉባቸው። ጎን ለጎን መስኮት ላይ አስቀምጧቸውና በየቀኑ ፎቶ አንሷቸው። አንዱ ቀድሞ ከጠራ፣ ጥያቄያችሁን የምትጀምሩበት ማስረጃ ይዛችኋል።